ዝም የሚለው ጨርቅ

ባለፈው ሳምንት፣ እዚህ ኮምቦልቻ፣ ከሰፈራችን በላይ ካለው ትምህርት ቤት አንዲት ወጣት መምህርት የጨርቅ ናሙናዎች በፌስታል ይዛ ቤቴ ድረስ መጣች። ለመጪው ዓመት የልጆቹ ዩኒፎርም ሊቀየር ነው አሉ። «እማማ ሀዋ፣ ኮሚቴው ቀለሙን ብቻ አይቶ ሊመርጥ ነው፤ እስቲ እርስዎ በእጅዎ ይዩልን» አለችኝ። ፌስታሉን ስፈታው ያ የአዲስ ጨርቅ ሽታ፣ ስታርችና ላምባ የተቀላቀለ የሚመስለው፣ ፊቴን መታኝ። እጄ ሳላዘው አንዱን ቁራጭ አንስቶ ከሻሼ ሥር፣ ማጅራቴ ላይ ለጠፈው። መምህርቷ ሳቀች። «እንዲህ ነው እንዴ የሚሞከረው?» አለች። አዎ፣ እንዲህ ነው። ጨርቅ በዓይን አይታወቅም፤ ላብ እስኪነካው ድረስ ሁሉም ጨርቅ ጨዋ ነው። ልጅቷ ከሄደች በኋላም ቁራጩን አንገቴ ላይ እንዳደረግሁ ደጁ ላይ ተቀመጥሁ። ልቤ ግን አላርፍ አለኝ። ይኸው ስንት ዘመን አለፈ፣ የዩኒፎርም ጨርቅ በነካሁ ቁጥር ዓይኔ በር በሩን ያያል።

ያኔ አረብ አገር፣ ከየመን ድንበር አጠገብ፣ ጂዛን ውስጥ ዳማድ ነበርሁ። ዳማድ ከተማ ይባል እንጂ ግማሹ እርሻ ነው። ወንዙ ደርቆ ይከርምና ተራራው ላይ ሲዘንብ በአንድ ጊዜ ሞልቶ ይመጣል። ማሽላው ሲያሽት ከሩቅ ለሚያየው የባቲ ቆላ ይመስላል። ሙቀቱን ግን ከየትም ጋር አላመሳስለውም፤ ከላይ ፀሐይ፣ ከባሕሩ እርጥበት፣ በበጋ ደግሞ «ጉብራ» የሚሉት አቧራ ተሸክሞ የሚመጣ ነፋስ። ልብስ ታጥቦ ይሰጣል፣ አቧራ ለብሶ ይገባል። ሴቶቹ ጸጉራቸው ላይ የሚሰኩት ነጭ አበባ ነበረ፤ ፉል ይሉታል። መጀመሪያ ስሰማ ባቄላ መስሎኝ፣ እነዚህ ሰዎች ባቄላ ራሳቸው ላይ ያስራሉ እንዴ ብዬ ተደንቄ ነበር። ሽታው ሱቁን፣ ታክሲውን፣ መንገዱን ሁሉ ይሞላው ነበር። በአንድ ሪያል አራት ዳቦ ይገዛል፤ በሌላ አንድ ሪያል በፌስታል በረዶ። ዳቦና በረዶ ይዞ ቤቱ የሚገባ ሰው ያን ቀን ሀብታም ነው። ባለቤቴ ሰይድ አሮጌ ቴፕ ነበረው፤ ከሥራ ሲመለስ ፉጣውን አሸርጦ፣ የወሎ መንዙማ ከፍቶ ጋደም ይላል። ድምፁን ግን ከፍ አያደርገውም። ሁለታችንም ኢቃማ አልነበረንም። የመኖሪያ ፈቃድ የሌለው ሰው መንዙማም በሹክሹክታ ነው የሚሰማው።

ሰይድ በአል-ኹባ በኩል፣ ከየመን ተሻግሮ በእግሩ የገባ ሰው ነው። መጀመሪያ ሀሩብ ተራራ ላይ ፍየል ሲጠብቅ ኖረ፤ ኋላ ወደ ዳማድ ወርዶ የአንድ ሽማግሌ ማንጎና ማሽላ ያጠጣ ጀመር። እኔ በባሕር መጥቼ ሰው ቤት ስሠራ ቆይቼ እዚያው አገኘሁት። ሁለታችንም የደሴ ዙሪያ ሰዎች ነን፤ ኒካሕ አሰርን። ኢክራም ተስፋ ከቆረጥሁ በኋላ፣ በስተርጅና የመጣችልኝ ልጅ ናት። እርሻው ጥግ ባለችው የብሎኬት ክፍል ውስጥ በአንዲት የመናዊት አዋላጅ እጅ ተወለደች፤ ሀኪም ቤት አልተወለደችምና የልደት ወረቀት የላትም። ጠዋት ጠዋት በእርሻው በር የሴቶች ትምህርት ቤት አውቶቡስ ያልፋል። ኢክራም አጥሩ ሥር ቆማ፣ ግራጫ መርዩል የለበሱትን ልጆች አውቶቡሱ እስኪሰወር ታያቸዋለች። መርዩል እስከ ቁርጭምጭሚት የሚወርደው የሴት ልጆች ዩኒፎርም ነው፤ ኮሌታው ነጭ። «እማ፣ እኔስ መቼ ነው የምጫነው?» ትለኛለች። «አላህ ሲል» እላታለሁ። ሌላ ምን እላለሁ?

እኔ በዚያን ጊዜ ከሰው ቤት ወጥቼ መሽገል ገብቼ ነበር። መሽገል የሴቶች ልብስ ስፌት ቤት ነው፤ ወንድ አይገባበትም፣ በሩ ላይ ወፍራም መጋረጃ ይንጠለጠላል። ስፌት ከልጅነቴ አውቃለሁ፤ አባቴ ደሴ ፒያሳ በረንዳ ላይ የስፌት መኪና ነበረው። የመሽገሉ ባለቤት መዳም ፈውዚያ ድምፅዋ ሻካራ የሆነች ወፍራም ሴት ነበረች። ኢቃማ እንደሌለኝ ታውቃለች፤ ስለዚህ መኪናዬ ከኋለኛው ክፍል፣ ከጓሮው በር አጠገብ ነበር የተቀመጠችው። የመጋረጃው ቀለበት ሲንኳኳ እግሬ ከመኪናው መርገጫ ላይ ይነሳል፤ ደንበኛ መሆኗን ሳውቅ ተመልሼ እረግጣለሁ። ቀኑን ሙሉ እንዲያ ነው።

በዚያው ዓመት ድንበሩ ተረበሸ። ማን ከማን ጋር እንደተዋጋ ሰይድ ያስረዳኝ ነበር፤ አሁን ተቀላቅሎብኛል። የማስታውሰው የአል-ኹባ መንደሮች ተነሱ መባሉን ነው። ሰዎቹ ፍራሻቸውን፣ ፍየላቸውን፣ የጋዝ ምድጃቸውን በፒክአፕ ጭነው ወደ እኛ ወደ ውስጥ መጡ። ግማሾቹ ድንኳን ገቡ፣ ግማሾቹ ዘመድ ጋር ተጠጉ። ትምህርት ቤቶቹ በአንድ ጊዜ ሞሉ፤ በአንድ ወንበር ሦስት ልጅ መቀመጥ ጀመረ። ያን ስሰማ አንድ ነገር ልቤ ውስጥ ገባ። በዚህ ሁሉ ግርግር መሃል አንዲት ልጅ ብትጨመር ማን ያያታል? የኢክራም አረብኛ ከጎረቤት ልጆች የተማረችው ነው፤ ዓይንህን ጨፍነህ ብትሰማት የዚያው አገር ልጅ ናት። የዳማድ የሴቶች ትምህርት ቤት ሙዲራ፣ ርዕሰ መምህርቷ ማለት ነው፣ የመዳም ፈውዚያ እህት ነበረች፤ አብላ ነዋል ይሏታል፤ አብላ መምህርት እንደማለት ነው።

«እኔ እዚህ ነገር ውስጥ አልገባም፣ ሀዋ» አለች ፈውዚያ ስለምናት። ከዚያ ስልኩን አንስታ ደወለችላት።

አብላ ነዋል ራሷ መሽገሉ መጣች። ቀጭን፣ ረዥም፣ ስትናገር ዓይኗን ከሰው ላይ የማታነሳ ሴት ናት። ኢክራምን ጥቂት አስነበበቻት፤ ልጄ ከሱቅ ማስታወቂያ የለቀመችውን ፊደል ሁሉ አነበበችላት። «ሙስተሚዓ ትሆናለች» አለችኝ፤ «አዳማጭ። ስሟ አይመዘገብም፣ ፈተና ትፈተናለች፣ ሰርተፍኬት ግን አይኖራትም። ምናልባት ወረቀታችሁን እስክታስተካክሉ። አንድ ነገር ብቻ ነው የምፈልገው፤ ጓደኞቿን ትምሰል። ማንም ለብቻዋ ነጥሎ እንዳያያት።» እጇን ልስማት ስል ሰበሰበችው።

ለተፈናቃዮቹ ልጆች ስሙን ያልተናገረ አንድ በጎ አድራጊ የዩኒፎርም ጨርቅ ገዝቶ ነበር፤ ስፌቱ ለእኛ መሽገል ደረሰ። ጥቅል ጥቅሉ ሲወርድ አየሁት፤ ግራጫው ያማረ፣ ሲይዙት ግን የሚንኮሻኮሽ። ኢክራምም ከዚያው ተሰፋላት። ያን ቀን ጠዋት ጸጉሯን በነጭ ሪባን አስሬ፣ መርዩሏን አለበስኋትና በሩ ላይ አቆምኋት። ሰይድ «ማሻ አላህ» አለና ወዲያው መንገዱን አየ። እኔ ምክሬን ደረደርሁላት፤ ሲጠሩሽ ብቻ ተናገሪ፣ አትሩጪ፣ አትጣዪ፣ ብትወድቂም አታልቅሺ። ትንሽ ልጅ ናት፤ ሁሉንም «ሀዲር፣ እሺ» ብላ ተቀበለችኝ። አትታከኪ ማለቱ ግን አልታሰበኝም ነበር።

ከሰዓት ስትመለስ አንገቷ ዙሪያ ቀልቷል። በማግስቱ ብብቷና የእጅ አንጓዋ ተጨመረ። በሦስተኛው ቀን ነጩ ኮሌታ ላይ ትንሽ ደም አየሁ። «እማ፣ አልታከክሁም ነበር፤ ከጠረጴዛው ሥር ብቻ ነው» አለችኝ፤ ጥፋት ያጠፋች መስሏት። እሷ ብቻ አልነበረችም። ከድንኳን የሚመጡት ልጆችም ክፍል ውስጥ ሲታከኩ ይውሉ ነበርና የትምህርት ቤቱ ነርስ «ጀረብ ነው፣ እከክ፤ ከድንኳን የመጣ ነው» ብላ ደመደመች። ሽፍታ ያለባት ልጅ ሁሉ ከሳምንቱ መጨረሻ በፊት የሀኪም ወረቀት ታምጣ፤ ካላመጣች ቤቷ ትቀመጥ ተባለ። ሌሎቹ ወረቀት ማምጣት ይችላሉ። እኛስ?

«ሀኪም ቤቱ በር ላይ መጀመሪያ የሚጠይቁት ምንድን ነው?» አለኝ ሰይድ። «ኢቃማ። ከዚያ ያቺ ልጅ የት ተወለደች፣ የት ትማራለች፣ ማን አስገባት ይመጣል። ሙዲራዋንም ይዘናት ነው የምንገባ። ይቅርብን፣ ሀዋ። ቤት ትቀመጥ።»

«ቤት ተቀምጣ ምን ትሁን?»

«ከእኛ ጋር ትሁን» አለ።

ያን ምሽት ኢክራምን ሳጥባት አንድ ነገር አየሁ። እከክ የት እንደሚጀምር የማያውቅ የገጠር ሰው የለም፤ ከጣት መሃል ነው። የእሷ ጣቶች ንጹሕ ነበሩ። ቅላቱ የሚሄደው ስፌቱን ተከትሎ ነው፤ አንገት፣ ብብት፣ አንጓ፤ ጨርቁ ከላብ ጋር በሚገናኝበት ሁሉ። በሽታው የልጆቹ አልነበረም፣ የጨርቁ ነበር። ይህን ማወቅ ግን ወረቀት አይሆንም። ማሳየት ነበረብኝ።

በማግስቱ መሽገል ጓሮ ወጥቼ ከግራጫው ጨርቅ ክር መዝዤ ክብሪት ለኮስሁበት። ጥጥ ሲቃጠል እንደ ወረቀት ነው፤ አመድ ይሆንና በእጅ ይበናል። ይህ ግን ተኮማትሮ ጠብታ ሆነ፤ ሲበርድ እንደ ጠጠር ደረቀ፣ ሽታውም የተቃጠለ ጀሪካን። ውሃ ጠብ አደረግሁበት፤ ሳይጠጣው ኳስ ሆኖ ተንከባለለ። ላቡንም እንዲሁ አይጠጣውም ማለት ነው፤ ቆዳ ላይ ይተወዋል። ፈውዚያ ሽታው ጠርቷት መጣች። «ቤቴን ልታቃጥዪ ነው?» አለች። አሳየኋት። ጠብታውን በጥፍሯ ነካ አድርጋ፣ «ኸላስ፣ በቃ ሀዋ» አለች፤ «ጨርቁ ተቆርጧል። ሰውየው ሰጥቷል፣ እኛ ሰፍተናል። በነጻ የመጣን ልብስ ይቆረቁራል ብሎ የሚናገር ማነው?» እውነቷን ነበር። እኔም ብሆን ልጄ ባትሆን ኖሮ አልናገርም ነበር ይሆናል።

ገበያው ውስጥ ዓሚ ሷሊሕ የሚባል የመናዊ ጨርቅ ሻጭ ነበር፤ ጢሙን በሂና የሚያቀላ ሽማግሌ። ለሕፃናት ልብስ የሚሆን ስስ ነጭ ጥጥ የሚገኘው እሱ ዘንድ ነው። «ከድንበሩ ማዶ፣ ከሐረድ ነበር የሚመጣልኝ» አለኝ ከመደርደሪያው ጥግ እያወረደ፤ «አሁን መንገዱ ዝግ ነው፣ ልጄ። ያለው ይህ ነው።» ቁርጥራጮቹን ሳያስከፍል ሰጠኝ። ቤት ወስጄ ከግራጫው አንድ ቁራጭ፣ ከጥጡ አንድ ቁራጭ፣ ጥጥና ናይለን ከተቀላቀለበት ሌላ ቁራጭ አዘጋጀሁ። መጀመሪያ ዐባያዬ ውስጥ፣ አንገቴ ላይ ሰፍቼ ቀትር ላይ ገበያ ለገበያ ዞርሁበት። የእኔ ቆዳ ግን የደነደነ ነው፤ ሁሉንም ቻለው። እንግዲያው ልጅቷ ራሷ ትሞክረው ዘንድ ግድ ሆነ። ቁራጮቹን ክንዷ ላይ እንደ አምባር አስሬላት ከአባቷ ጋር ውሃ ስትቀድ ዋለች። እኔ በየጊዜው እየሄድሁ አያለሁ፤ እንዳትፈታው እፈራለሁ፣ እንዳያብጥባትም እፈራለሁ።

«ይሄኛው ይጮኻል» አለችኝ ግራጫውን እያሳየች። ቅልቅሉን ነካ አደረገችና፣ «ይሄ ያጉረመርማል።» ከዚያ ነጩን ጥጥ ዳሰሰችው። «ይሄ ዝም ይላል፣ እማ። እንዳለም ረስቼዋለሁ።»

የዩኒፎርም ጨርቅ ሁሉ ዋናው ፈተናው ያ ይመስለኛል፤ ልጅ የለበሰችውን ልብስ መርሳት አለባት። እዚህ ኮምቦልቻ ብርድ ስላለ ልጆቹ ሹራብ ይደርቡበታል፣ ቆርቋሪም ቢሆን ይከርማል። ጂዛን ግን ቆዳና ጨርቅ ቀኑን ሙሉ አይላቀቁም።

ትምህርት ቤቱ ለመሄድ ሁለት ቀን ፈራሁ። መንገዱ ላይ ዶርያ፣ የፖሊሱ መኪና፣ ከቤንዚን ማደያው አጠገብ ይቆማል። ኒቃቤን አጥብቄ፣ የእጅ ጓንት አጥልቄ፣ ኢክራምን በእጄ ይዤ፣ እንደ አገሬው ሴቶች ቀስ ብዬ ለመራመድ እየሞከርሁ በአጠገቡ አለፍሁ። ቢሮዋ ስገባ አብላ ነዋል «ለምን መጣሽ? ማንም ነጥሎ እንዳያያት አላልሁሽም?» አለች ተነስታ በሩን እየዘጋች። ነገሩን ነገርኋት፣ የኢክራምን ክንድም አሳየኋት፤ አንደኛው አምባር ሥር ቀልቷል፣ ከነጩ ሥር ምንም የለም።

ሁለቱንም ቦታ በጣቷ ዳሰሰች። ከዚያ እጅጌዋን ሰበሰበችና «ለእኔም እሰሪልኝ» አለች።

«እርስዎ ሙከይፍ ሥር ነው የሚውሉት» አልሁ ሳላስበው፤ ቢሮዋ ውስጥ ማቀዝቀዣው እያጓራ ነበር። ተናግሬ ደነገጥሁ።

እሷ ግን ፈገግ አለች። «እንግዲያውስ ዛሬ ከልጆቹ ጋር ግቢ እውላለሁ።»

ያን ቀን እንዴት እንደዋልሁ አላህ ያውቃል። በማግስቱ ፈውዚያ እህቷ ደውላላት ከስልኩ ቀና አለችና፣ «እህቴን ምን አደረግሻት? ሌሊቱን ክንዷን ስታክ አድራለች» አለችኝ፤ ቀጥላም፣ «ልብሶቹ ሁሉ ይመለሱ ብላለች። በአንገቱ፣ በብብቱና በአንጓው ዙሪያ የጥጥ ገበር ይግባ። የሀኪም ወረቀቱንም እስከዚያ አቆይታዋለች።» ከውጪ ያው ግራጫ ነው፣ ከማንም አይለይም፤ ቆዳ የሚነካው ግን ጥጥ ሆነ። ጥጡን አስቀድሜ ሁለቴ አጥቤ አጠበብሁት፣ ኋላ ተኮማትሮ ኮሌታውን እንዳያጣምመው። የዓሚ ሷሊሕ መደርደሪያ ባዶ ቀረ። ፈውዚያ ስታጉረመርም ሰነበተች፤ እሷ ራሷ ግን መኪና ላይ ተቀምጣ ከእኛ ጋር ሰፋች። የልጆቹ ሽፍታ ቀስ በቀስ ጠፋ። አንድ ቀን ኢክራም ከአውቶቡስ ወርዳ እየሮጠች መጣች፤ አትሩጪ ያልኋትን ረስታ። «እማ፣ ዛሬ ሰሌዳው ላይ ጻፍሁ! ሁለቱም እጄ ነጻ ነበረ፣ አልታከክሁም!» አለችኝ። ያን ጊዜ ያገኘሁት ደስታ እስከ ማታም አልቆየልኝም፤ ሰይድ ገና ሳይቀመጥ ፊቱን አየሁት።

«እርሻ ድረስ ሰው መጣ» አለኝ። «የአሠሪዬ ምራት "የሐበሻዋ ኮሌታ የሚሰፋበት የት ነው?" ትላለች። ሀዋ፣ እኛ ሰላም የምናድረው ስማችን ሳይነሳ ሲቀር ነው።»

ስሜ ግን ተነሳ። ከጎረቤት ከተሞች፣ ከሳብያም፣ ከአቡ ዓሪሽም እናቶች መጡ። ልጄ አንገቷን ይበላታል፣ ልጄ በላብ ትታመማለች፣ የሐበሻዋን ኮሌታ ስፉልኝ። ፈውዚያ ሥራው ሲበዛ መኪናዬን ከጓሮው አውጥታ ፊት ለፊት፣ መጋረጃው አጠገብ አደረገችው፤ ደንበኞቹ ራሴን ማናገር ይፈልጉ ነበርና። «መዳም፣ እባክሽ ወደ ኋላ መልሺኝ» አልኋት። «ያላ፣ ይህ ሰሞን ይለፍና» አለችኝ። እኔም ሰሞኑ እስኪያልፍ ስል የቀለበቱን ድምፅ እያዳመጥሁ ሰፋሁ።

ሰሞኑ ሳያልፍ ጀዋዛቶቹ፣ የመኖሪያ ፈቃድ የሚቆጣጠሩት ፖሊሶች፣ መጡ። ረፋድ ላይ ነው፤ ልጆቹ ፈተና ላይ ነበሩ። መጋረጃውን የገለጠችው ሴት ፖሊስ ነበረች፣ ወንዶቹ ውጪ ቆሙ። የጓሮው በር አሁን ሩቅ ነው። ፈውዚያ ጮኸች፣ ለመነች፣ ዘመድ ጠራች፤ አልሆነም። ሌሎቹ ሰፊዎች ኢቃማ ነበራቸው። እኔ ብቻ ነኝ የወጣሁት፤ መርፌዬ ከእጄ ሳይወርድ።

ፖሊሷ ክፉ ሴት አልነበረችም። መኪናው ውስጥ ወረቀት ጭኗ ላይ አድርጋ ስሜን ጠየቀች፣ አገሬን ጠየቀች። «ባል?» አለች። «የለኝም» አልሁ። ከዚያ ቀና ብላ አየችኝ፤ «ልጆች አሉሽ? ልጅ ካለሽ አብሮሽ ይሄዳል፤ ንገሪኝ፣ እናመጣዋለን» አለች። ድምፅዋ የእውነት ነበር። ምላሴ ላይ የኢክራም ስም መጣ። አለች ብል፣ አሁን ሄደው ከፈተናዋ ያነሷታል፤ ከዚያ አብላ ነዋል፣ ከዚያ ሰይድ። የለችም ብል ደግሞ፣ መቼ አያታለሁ? ማን ያበጥራታል? ሴትዮዋ እስክሪብቶዋን ይዛ ጠበቀችኝ።

«የለኝም» አልሁ። «አልወለድሁም።»

መኪናው ሲነሳ በትምህርት ቤቱ አጥር ሥር ነበር ያለፈው። አንገቴን ሳላዞር አለፍሁ።

ተርሒል፣ የሚባረሩ ሰዎች የሚቆዩበት እስር ቤት፣ አንድ ሰፊ አዳራሽ ነው። ከየአገሩ የመጣን የሐበሻ ሴቶች ነበርን፤ ሰላት የምትሰግድ አለች፣ መስቀሏን በእጇ ጨብጣ የምታነባ አለች፤ ብርድ ልብስ ግን አንድ ላይ ነው የምንለብሰው። ሌላው ስለ መንገዱ፣ ስለ ቀረ ደሞዙ ያወራል፤ እኔ ኮሌታ አስባለሁ። ሰይድ መርዩሉን በምን ያጥበው ይሆን? በረኪና ቢነካውስ? ያላበ ልብስ መልሳ ለብሳ ሽፍታው ቢነሳና ነርሷ እንደገና ብትጠራትስ? አንዲት ሴት የደበቀችውን ስልክ አንድ ጊዜ አዋሰችኝ። ሰይድ ድምፄን ሲሰማ አለቀሰ። «ደህና ናት፤ ትምህርት ቤት ናት። አብሽሪ» አለኝ። ከዚያ በአውሮፕላን ጭነው ወደ አገሬ ሰደዱኝ።

ያኔ እንደ አሁኑ በስልክ መተያየት የለም፤ ካርድ ፍቆ፣ ቁጥር ጠቅጥቆ፣ መስመሩ ሳይቆረጥ መቻኮል ነው። መጀመሪያ ሰሞን ኢክራም እንደ ወፍ ታወራኝ ነበር። «እማ፣ ልብሱ አጠረኝ» ስትለኝ «ቅምቅማቱን ፍቱት፤ ታድጊያለሽ ብዬ ሰፊ አድርጌ ነው የተውሁት» እላለሁ፤ ሰይድ በምላጭ ይፈታላታል። ኋላ ፈውዚያ በየዓመቱ ትሰፋላት ጀመር፣ ገበሩንም ሳትረሳ። ልጅቷ ግን እየቆየ ዝም አለችኝ። «ደህና ነሽ?» «ደህና።» «ትምህርት?» «ደህና።» ከዚያ ስልኩን ለአባቷ ትሰጣለች። የለኝም ማለቴን አንድ ሰው ነግሯታል ብዬ ደመደምሁ። ሰይድ እንዳልነገራት ይምላል። እኔ ግን ሌት ተቀን ያንኑ አስባለሁ፤ ልጄ «እናቴ ካደችኝ» ብላ ይዛብኛለች።

ከዓመታት በኋላ ያ ፈቃድ የሌለው የሐበሻ ሕዝብ ሁሉ ከአረብ አገር በአንድ ጊዜ ሲመለስ ሰይድ እጁን ሰጠ፤ ኢክራምን ይዞ ተሳፈረ። አዲስ አበባ ሄጄ የተመላሾቹ ማረፊያ በር ላይ ጠበቅኋቸው። ከሰው መሃል የወጣችው ልጅ ቁመቷ ከትከሻዬ በላይ ነበር። አቀፍኋት፤ እሷ ግን እንደ እንግዳ ቆማ ታቀፈች። በማግስቱ ጠዋት የኮምቦልቻ አውቶቡስ ተሳፈርን። ሰይድ ከመስኮቱ ጥግ ተቀምጦ ወዲያው አሸለበ፤ እኛ አጠገብ ለአጠገብ ነን፣ አንተያይም። ደብረ ብርሃንን እንዳለፍን ብርዱ ሲያንቀጠቅጣት ነጠላዬን ደረብሁላት። ያን ጊዜ ነው የተናገረችው።

«እማ፣ አንቺን የወሰዱሽ ሳምንት አንዲት ሴት ትምህርት ቤት መጣች፤ ተቆጣጣሪ ናት። አዳማጮቹን ለብቻ ለብቻ ጠራችን። እናትሽ ማናት፣ የት ናት አለችኝ።» ጣቶቿን ታፍተለትል ነበር። «ሞታለች አልሁ። አብላ ነዋል እንዲያ በዪ አላለችኝም፣ ራሴ ነኝ። አላህ ሰምቶ እውነት ያደርገዋል ብዬ ፈራሁ። ስትደውዪ ድምፅሽን ስሰማ አፍር ነበር። እማ፣ ገደልሁሽ።»

የነጠላውን ጫፍ አንገቷ ላይ አስተካከልሁላት። ከዚያ፣ «እኔ ደግሞ አልወለድሁም ብያለሁ» አልኋት። «ለፖሊሷ። አንቺ ፈተና ላይ ሳለሽ።»

ዞራ አየችኝ፤ ከመጣች ጀምሮ የመጀመሪያዋ ነው። «እኔን?»

«አንቺን።»

ጥቂት አሰበችበት። «ታዲያ አንቺ ሞተሻል፣ እኔ አልተወለድሁም» አለች በዚያ አረብኛ በተቀላቀለበት አማርኛዋ፤ «ይሄን አውቶቡስ ማነው የተሳፈረው?» ከዚያ አፏን በነጠላዬ አፍና መሳቅ ጀመረች፤ እኔም ሳቅሁ፤ ሳቁ የት ላይ ለቅሶ እንደሆነ አላወቅነውም። ራሷን ደረቴ ላይ ጣለችው።

ድምፃችን ሰይድን ቀሰቀሰው። ባንኖ ቀና አለ፣ እጁን ወደ ደረት ኪሱ ሰደደና፣ «ምንድን ነው? ወረቀት ጠየቁ?» አለ።

«አብሽር፣ ማንም አልጠየቀም» አልሁት። «አገራችን ነው።»

«እሺ» አለ። እጁን ከኪሱ ያወጣው ግን ደብረ ሲናን ካለፍን በኋላ ነው።